ለተኰነኑት ማዘን ይገባልን?

በደብረ ታቦር አንዲት እናት፥ ልጃቸው ሰው ገድሎ ንስሓ መግባቱ ሳይታወቅ በመሞቱ፥ ጎረቤቶቻቸው «ለእርሱ ተዝካር ማውጣት እግዚአብሔርን መዳፈር ነው» ስላሏቸው እያለቀሱ ወደ እኛ መጡ። ለተኰነነ ሰው ማዘን ራሱ ኀጢአት ይሆንን?

ዳንቴ የተባለው የፍሎሬንስ ባለቅኔ፥ በከተማው ወገኖች ጠብ ምክንያት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1302 ዓ.ም. ተሰዶ፥ በስደቱ ሳለ በሲኦል እንደ ዞረ አድርጎ ጽፏል። በሲኦሉ 9 ክበቦች ጠላቶቹን ብቻ ሳይሆን የሮም ሊቃነ ጳጳሳትንም አኑሯል፤ የዘመኑ ጠብ ምን ያህል መራራ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል። በመጀመሪያ ለተኰነኑት ያዝናል፤ መሪው ቨርጂል ግን ይገሥጸዋል። ወደ ታች በወረደ መጠን ልቡ ይጠነክራል። በመጨረሻም ዓይኑ በበረዶ ለታሸገ አንድ ኀጥእ በረዶውን አነሣልሃለሁ ብሎ ቃል ይገባና ሳያነሣለት ያልፋል፤ ይህንም እንደ በጎ ሥራ ይቈጥረዋል። ቅኔው ድንቅ ነው፤ ይህን ግን ልባችን አልተቀበለውም።

ከእኛ በስተ ምዕራብ፥ በጣና ዳር፥ የጓንጉት ገዳም አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት የነበረችው የቡልጋዋ እናታችን ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ፥ ገድሏ እንደሚነግረን፥ በትዳር ሳለች ተቈጥታ በአገልጋይዋ አፍ እሳት ብትጨምርባት ሞተችባት፤ በጸሎቷ ብትነሣላትም ዓለምን ትታ በደብረ ሊባኖስ መነኰሰች። በኋላ ወደ ሲኦል የተዘረጋችው እጅ ይህችው እሳት የጨመረችው እጅ መሆኗን ልብ እንበል። የአዳም ልጆች እንዳይጠፉ ጌታ ከዲያብሎስ ጋር እንዲታረቅ ለመነች፤ ጌታም ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ላካት። ሳጥናኤል ግን እርቁን ንቆ ወደ ሲኦል ጐተታት፤ መልአኩ በሰይፉ አዳናት፤ ብዙ ነፍሳትም ይዛ ወጣች።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ገድሉ ዲያብሎስ ይድናል አላለም፤ እምቢ ያለው እርሱ ነውና። የእርሷን ልመና ግን ጌታ አልናቀም።

ይህን ገድል በ1956 (በአውሮጳ) ያሳተመው ኤንሪኮ ቼሩሊ፥ በወረራው ዘመን የጠላት ባለሥልጣን የነበረ ሰው፥ አስቀድሞ በ1949 ስለ ዳንቴ ግጥም ምንጮች ትልቅ መጽሐፍ ማውጣቱ ያስገርማል።

ለእናቲቱ ይህንኑ ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰምተው ሄዱ። በሳምንቱ ሲመለሱ፥ ልጃቸው የገደለውን ሰው የክርስትና ስም ከሟቹ ቤተ ዘመድ በሽማግሌ አስጠይቀው ይዘው መጥተው ነበር፤ በተዝካሩም ሁለቱን ስም አብረን አነሣን።