ገዢ ባላየው ነገር ይወቀሳል ወይ?

በዚህ ወር ልጽፍላችሁ ያሰብኩት ስለ መግዛትና ስለ መታለል ነው። ከመካከላችን አንዷ ስትታለል፣ ወርቅ ተብሎ የተሸጠላት ቀለበት ሲጠቁር ወይም ሞባይሏ በሳምንቱ ሲሞት፣ መጀመሪያ የምንላት ነገር «ዓይንሽ የት ነበር?» ነው። ሻጩን የሚረግም የለም ማለቴ አይደለም። ግን ሻጭ ያው ሻጭ ነው እንልና ጥፋቱን ወደ ገዢዋ እናዞረዋለን። ይሄ ፍርድ ለእኔ ትክክል አይመስለኝም።

አገር ቤት እናቶቻችን ገበያ ላይ ሲመርጡ ያየ ሰው «ገዢ ራሱን ችሎ መፍረድ አይችልም» ሊል አይችልም። ጤፍ ሲገዙ ከጆንያው አፍ ላይ አይዘግኑም፤ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደው ነው የሚያወጡት። መዳፋቸው ላይ አድርገው እፍ ይላሉ፣ ገለባው ይበራል። ከዚያ ቆንጥረው ጥርሳቸው ላይ ያደርጋሉ፤ አሸዋ ካለው ጥርስ ይናገራል። ቅቤ ሲሆን በጣት ፈግተው ያሸታሉ፣ ምላሳቸው ላይ ያቀልጡታል፣ ከተጠራጠሩም ከተጠቀለለው መሐል ድረስ በእንጨት ወግተው ያወጣሉ። የትኛውም ትምህርት ቤት የማይሰጠው እውቀት ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼም እንደ እናቴ ቅቤ መግዛት አልችልም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እናት የምታውቀውን ዘዴ ሻጩም ያውቀዋል። ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚደባለቀው መልኩና ልስላሴው ስለሚመሳሰል ነው። በርበሬ ውስጥ የጡብ ዱቄት የሚገባው ቀይ ስለሆነ ነው እንጂ ጡብ ከሌላው አፈር ስለረከሰ አይደለም። አታላይ ከሁሉም አስቀድሞ የሚሠራው ለገዢ ዓይን ነው። ማርን በክብሪት የሚፈትኑ ሰዎች አሉ፤ ክብሪቱን ማሩ ውስጥ ነክረው ሲጭሩት ከነደደ ንጹሕ ነው ይላሉ። ክብሪቱ የሚያውቀው ግን ውሃን ነው። ውሃ ያልበዛበት የስኳር ሽሮፕ የተቀላቀለበት ማር ቢሆንም ይነዳል፣ ገዢዋም «ፈትኜ ገዛሁ» ብላ ደስ ብሏት ትሄዳለች።

ፊዚክስ ስንማር ስለ አርኪሜድስ የተነገረን ታሪክ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። የሲራኩስ ንጉሥ ሄሮ ለአንጥረኛ ወርቅ ሰጥቶ ዘውድ አሠራ። ዘውዱ ሲመዘን ክብደቱ ልክ ነው፣ ሲታይም ያምራል። ግን አንጥረኛው ብር ቀላቅሎበታል የሚል ሐሜት መጣ። ንጉሡ ዘውዱን በእጁ ይዞ ማወቅ አልቻለም። አርኪሜድስ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ውሃው ሲፈስ አይቶ መላውን አገኘ ይባላል። ምክንያቱም በስኳር ኩብ የምታህል፣ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወርቅ 19.3 ግራም ስትመዝን ያንኑ የምታህል ብር 10.5 ግራም ብቻ ናት፤ ብር ያለበት ዘውድ በእኩል ክብደት ሰፋ ይላል፣ ብዙ ውሃም ያፈሳል። መምህራችን ይህን የነገሩን እፍጋትን ለማስረዳት ነበር። እኔን ግን ዛሬ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ንጉሡን «ዓይንህ የት ነበር?» ያለው ሰው አልተነገረም። ለንጉሥ አዋቂ ይጠራለታል፣ ለሠራተኛ ደግሞ ተግሣጽ ይሰጣታል።

እዚህ ቤይሩት ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሊራው በዶላር ከ1,507 ወርዶ 89,500 ሲደርስ ስንቶቻችን ደመወዛችንን ወደ ወርቅ ማዞር እንደጀመርን ታውቃላችሁ። ቡርጅ ሐሙድ ሄደን ቀለበቱን እናገላብጣለን፣ ውስጡ ላይ 750 ወይም 875 የሚል እናያለን። 750 ማለት ከሺህ እጅ 750ው ወርቅ፣ ማለትም 18 ካራት ነው፤ 875 ደግሞ 21 ካራት። ቁጥሩን ማንበብ ጥሩ ነው፣ ግን ቁጥር የሚመታውም የሰው እጅ ነው። ማግኔት ይዘው የሚሄዱም አሉ። ማግኔት ብረትን ይይዛል እንጂ መዳብንና ነሐስን አይዝም፤ ስለዚህ «አልሳበውም» ማለት ወርቅ ነው ማለት አይደለም። እንግዲህ በመጨረሻ የምንመዝነው ወርቁን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ነገ ሱቁ እዚያው ይኖራል? ግራሙንና ካራቱን በደረሰኝ ላይ ጽፎ ይፈርማል? መልሼ ብሸጥለት ይገዛኛል?

በእኛ ቋንቋ ደንበኛ የሚለው ቃል ደስ ይለኛል። ውስጡ ደንብ አለበት። ደግሞም ሻጯም ገዢዋን «ደንበኛዬ» ትላለች፣ ገዢዋም ሻጯን «ደንበኛዬ» ትላለች፤ በሁለቱም ወገን ነው። እናቴ ቅቤ አመራረጥ ብታውቅም የምትገዛው ሁልጊዜ ከአንዲት ሴት ነበር። ዓይኗ የማይደርስበትን ደንበኝነቱ ይሞላላታል። ስደት ከወሰደብን ነገር አንዱ ይሄ ነው። በወር አንዴ እሁድ ለምትወጣ ልጅ፣ ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማታነብ፣ ብትታለል ነገ ተመልሳ «እንዴት እንዲህ ታደርገኛለህ» ለማትል ልጅ ደንበኛ ከየት ይመጣል? በፍጹም የማይወጡም አሉ። እነሱ ገንዘባቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው ነው የሚያስገዙት፣ ዕቃውን የሚያዩት ከተገዛ በኋላ ነው።

«ሁሉም ለራሱ ዓይኑን ይክፈት» የሚለው ሌላም ጉዳት አለው። ሁለት ሴቶች ቅቤ ይዘው ገበያ ወጡ እንበል፣ አንዷ ንጹሑን፣ አንዷ የተቀላቀለውን። ገዢ መለየት ካልቻለ ለሁለቱም አንድ ዋጋ ይሰጣል። ያቺ የቀላቀለችው አትርፋ ትገባለች፣ ንጹሑን ያመጣችው የልፋቷን ሳታገኝ ትመለሳለች። ሦስት ገበያ እንዲህ ከሆነ ወይ ቤቷ ትቀመጣለች ወይ እሷም ሙዝ ትገዛለች። ገዢውን «ሞኝ» ብለን ስንስቅ የምትጎዳው ያቺ ታማኝ ሴት ናት።

ነቢዩ አሞጽን አንብቡ፣ ምዕራፍ 8። መስፈሪያውን የሚያሳንሱትን፣ ሚዛኑን የሚያጣምሙትን፣ የስንዴውን ግርድ የሚሸጡትን ነው የሚነቅፈው። ድሀው ለምን አጥርቶ አላየም የሚል ተግሣጽ እኔ እዚያ አላገኘሁም። ዕቃው ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ሻጩ ነው፣ ዕዳውም የሚያውቀው ሰው ነው።

ይህን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ቢሮ ውስጥ ማዳሞች ፎቶአችንን እያገላበጡ ነው የመረጡን። ቁመት፣ ክብደት፣ ሃይማኖት ተጽፎላቸዋል፣ ካልተስማማቻቸውም የሚመልሱበት የዋስትና ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። የምንገባበትን ቤት ፎቶ ለእኛ ያሳየን ግን የለም። ስንት ሰው እንደሚኖርበት፣ የት እንደምንተኛ፣ ደመወዝ ይከፍሉ እንደሆነ ቢሮው ቢያውቅም ዝም ብሏል። መጥፎ ቤት የገጠማትን እህት «አጣርተሽ አትመጪም ነበር?» ማለት ያሳዝናል፤ ግን እኛው ስንል እሰማለሁ።

ታዲያ ገዢ ምንም ዕዳ የለባትም ወይ? አለባት፣ ግን ዕዳዋ የሚጀምረው ካወቀች በኋላ ይመስለኛል። የፊት ማንጫ ክሬሙን እንውሰድ። ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ዓይን እዚያ ላይ ጠላት ይሆናል። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ቶሎ ያነጣል። ገዢዋ በሁለት ሳምንት መስታወት አይታ «ይሄስ ምርጥ ነው» ትላለች። ፊቷ መስክሮላታል፣ ፈትናዋለች። መርዙ ግን ኩላሊት ይጎዳል፣ ኩላሊት ደግሞ መስታወት ላይ አይታይም። በፎጣና በአየርም ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ ሕፃን የምናቅፍ ሰዎች ነን። በ2013 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አገሮች የሜርኩሪ ክሬም እንዲቀር ተስማምተዋል፣ መንገድ ዳር ግን አሁንም ይሸጣል።

እሁድ እሁድ ዶራ ላይ ከሚሸጡት መካከል የእኛው እህቶች አሉበት። ኑሮ ነው፣ አልፈርድባቸውም ብዬ ነበር ልጽፍ የነበረው፤ ግን ይሄን ሁሉ ስለ ሻጭ ጽፌ እነሱን ብተው አያምርም። ምን እንዳለበት የማታውቂውን፣ ስም በሌለው ብልቃጥ የተገለበጠውን ክሬም «እኔን አይተሽ ግዢ» ብለሽ ስትሸጪ ያቺ ልጅ የምታምነው ክሬሙን ሳይሆን አንቺን ነው። ደንበኛዋ ነሽ።

ጽሑፍ ያለበትን ግን ማየት ይቻላል። «ሜርኩሪ» ወይም «ካሎሜል» የሚል ካለ አትንኩት። ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚንየም ጋር አይነካካ የሚል ማስጠንቀቂያ ካለበትም ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል። አረብኛውን ወይም እንግሊዝኛውን ማንበብ የሚቸግራችሁ ብልቃጡን ይዛችሁ ኑ፣ እሁድ ከጸሎት በኋላ ሻይ ላይ አብረን እናነበዋለን።