እነርሱ ቢረሱ እኛ አንርሳቸው



እናቷን በማስታመም ከቅዳሴ ለቀረች አንዲት ሴት ቅዱስ ቁርባን ይዘን ወደ ቤቷ ሄድን። በር ላይ ተቀብላን «እማዬ ጃጅታለች፤ እኔንም አታውቀኝም» አለችን። እናቲቱ አጠገባችን ተቀምጠው ሳሉ እርሳቸውን ትተን «ይበላሉ? ይተኛሉ?» እያልን ልጃቸውን ጠየቅን። «አቡነ ዘበሰማያት»ን በጀመርን ጊዜ ግን እኒያ እናት እጃቸውን ወደ ደረታቸው አንሥተው እስከ ፍጻሜው ከእኛ ጋር ደገሙ። የልጃቸው ስም የጠፋባቸው እናት የሰማዩን አባት መጥራት አልጠፋባቸውም። እኛም አፈርን።

ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት ይህ ሕመም እርግማን አይደለም፤ እርጅና ብቻውን የሚያመጣውም አይደለም። የአንጎል ሕዋሳት ሲጎዱ የሚከተል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። እንግሊዛዊው ምሁር ቶም ኪትዉድ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕመምተኛውን የሚጎዳው የአንጎሉ ሕመም ብቻ ሳይሆን የእኛም አያያዝ ጭምር መሆኑን አስረድቷል። ማጣደፍ፣ እንደ ሕፃን መቁጠር፣ በፊቱ እንደሌለ አድርጎ ስለ እርሱ መነጋገር ሰብአዊ ክብሩን ይሸረሽራሉ። እኛም በዚያ ቤት ያደረግነው ይህንኑ ነበር።

ይህ ትምህርት ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የሰው ክብር በእግዚአብሔር አርአያ በመፈጠሩ ነው እንጂ በማስታወስ ችሎታው አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ3ኛው ምዕራፍ፣ አእምሮው የደከመውን አባት ልጁ እንዲታገሠውና እንዳይንቀው ያዝዛል። ነቢዩ ኢሳይያስም በ49ኛው ምዕራፍ፣ እናት ልጇን ብትረሳ እንኳ እግዚአብሔር እንደማይረሳ ያስተምራል። እንግዲያስ ልጇን የረሳችው እናት ራሷ በእግዚአብሔር ዘንድ አልተረሳችም።

ስለዚህ እንዲህ ያሉትን ስንጎበኝ ፊት ለፊት ቀርበን፣ በለመዱት የአክብሮት ጥሪ ሰላም እንበላቸው፤ ዝግ ብለን እንናገር፤ መልሳቸውንም እንጠብቅ። የሞቱትን ባለቤታቸውን ቢጠይቁ «ሞተዋል እኮ!» ብለን መርዶውን እንደ አዲስ አናርዳቸው፤ «እስቲ ስለ እርሳቸው ያጫውቱን» እንበል። እንግዳ ሲመጣ በኀፍረት ወደ ጓዳ አንሰውራቸው። ቡና ሲፈላ ከጎረቤት ጋር ይቀመጡ፤ ምስር መልቀም የሚችሉም ይልቀሙ።

አስታማሚዎችንም አንዘንጋ። ብዙዎቹ ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን እፎይታ የላቸውም። ከየቁምስናችን አንድ ሰው በእሑድ ለሁለት ሰዓት ከሕመምተኛው ጋር ቢቀመጥ፣ ልጅ ወደ ቅዳሴ መምጣት ትችላለች። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ምጽዋት ነው።

ወደዚያ ቤት ተመልሰን በሄድን ጊዜ አስቀድመን ሰላም ያልነው እናቲቱን ነበር። ማን እንደሆንን አላወቁም፤ እጃችንን ግን ይዘው አልለቀቁም። ከዚያ ወዲህ ቅዱስ ቁርባንን ለሁለቱም እናደርሳለን።

የማይረሳን አምላክ የተረሱትን የምናስብበት ልብ ይስጠን። አሜን።