ንቧን አትክሰስ

ልጄ፣ ሙዝህ መታመሙን ሰማሁ። ንቦቹ አመጡት ብለህ ቀፎ ልታወርድ፣ አበባ ላይም መርዝ ልትረጭ አስበሃል አሉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይባላል። ቡናህ ራሱን በራሱ ቢያራክብም፣ ንብ ስትቀስመው ፍሬው እንደሚበዛ ታውቃለህ።

ነፍሳት ንጹሕ ናቸው አልልህም። ከሙዙ ዘለላ ጫፍ የተንጠለጠለውን ቀይ እምቡጥ እየው። ሽፋኑ በረገፈ ቁጥር እርጥብ ቁስል ይተዋል፤ ንቡም ዝንቡም ከታመመው ወደ ጤነኛው ሲዞር አጠውልግ የሚባለውን ይህን በሽታ በዚያ ያስገባዋል። ታዲያ መድኃኒቱ መርዝ አይደለም። የመጨረሻዋ እጅ ፍሬ እንደያዘች እምቡጡን በባላ ጠምዝዘህ ጣለው፤ በቢላዋ ግን አትንካው።

በሽታው በአገራችን እንሰት ላይ በ1968፣ ሙዝ ላይ በ1974 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ተጽፏል። በ2001 ኡጋንዳ ላይ ሲታይ ግን የሙዝ አገር ሁሉ ደነገጠ። ከ1700 ሜትር በላይ ባለው ከፍታ ነፍሳት የሚያስተላልፉት ጥቂቱን ነው፤ ሚዛንና ቴፒ ግን ከዚያ በታች ናቸው። ሙቀቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሥጋቱም አብሮ ይወጣል ባይ ነኝ። የማሻ እንሰት አብዛኛውን ጊዜ አበባው ሳይገፋ ይፋቃል፤ እሱን የሚበክለው በዋናነት ቢላዋ ነው። የቡና አድርቅም እንዲሁ ነው፤ አረም ስትመነጥር ገጀራህ የቡናውን እግር ካቆሰለው በሽታው በቁስሉ ይገባል። ስለዚህ ከግንድ ወደ ግንድ ከመሻገርህ በፊት ስለቱን በእሳት ለብልበው ወይም በበረኪና እጠበው።

ንቦቹ እንዲኖሩልህ ደግሞ ጫካውን አትቁረጥ። ጌተምና ብሳና ሲቆረጡ ንብ የምትቀስመው ይጠፋል፤ የተራበ መንጋም ለበሽታ ቶሎ ይሸነፋል። የሸካ ጫካ በፈረንጅ 2012 በዩኔስኮ የተመዘገበው እንዲሁ ለጌጥ አይደለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ጎረቤቶችህ እንዳይስቁብህ ብለህ ዝም ብለሃል፤ እነሱም ያንኑ ፈርተው ዝም ብለው ይሆናል። የሙዙን ግንድ ቁረጠው፤ ከቁርጡ ቢጫ ፈሳሽ ካዠ፣ ፍሬውም ያለጊዜው በስሎ ውስጡ ከጠቆረ አትጠራጠር። ከሥሩ አንሥተህ ቅበረው። ከዚያ ማሳ ደቀል ለማንም እንዳትሰጥ፤ ነገ ጠዋት ደግሞ የልማት ሠራተኛውን ጥራ።