ሙታንን ስለ ማክበርና እውነትን ስለ መናገር

ሙታንን ማክበር ከሰው ልጅ ሁሉ የሚፈለግ ግዴታ ነው፤ እውነትን መናገርም እንደዚሁ ግዴታ ነው። ሁለቱ በአንድነት ሲጓዙ ኅሊና ዕረፍት ያገኛል። ዳሩ ግን አንዳንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው የተጣሉ መስለው የሚታዩበት ሰዓት አለ። በዚያን ጊዜ ሰው «ሟቹን ላክብረው ወይስ እውነቱን ልናገር?» እያለ ከራሱ ጋራ ይሟገታል። እኛም በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ሙግት ነው። ጥያቄውን ከመጻሕፍት አላገኘነውም፤ ከገዛ ቤታችን ነው የመጣብን።

የካቲት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ነበረ፤ የዐቢይ ጾም ቅበላም ነበረ። ለወትሮው እንደዚህ ባለው ቀን ከቅዳሴ መልስ ከቤት አንወጣም ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት ልጃችን ግን ከቤተ ሰቧ መካከል ስላገሩ የሞተ ሰው እንዳለ ጠይቃ ታሪኩን እንድትጽፍ የቤት ሥራ ተሰጥቷት ስለ ነበረ፥ የሰማዕታቱን ሐውልት በዓይኗ ታየው ዘንድ ወደድን። ስለዚህ ባልና ሚስት ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን እስከ አራት ኪሎ በታክሲ፥ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በእግራችን ወጥተን ስድስት ኪሎ ደረስን።

ሐውልቱ 28 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ዐምድ ነው። አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፆች በ1940ዎቹ ዓመታት የሠሩት ሲሆን፥ የእልቂቱ ታሪክ በነሐስ ተቀርጾበታል። በዙሪያው አበባ የያዙ ሰዎች፥ የአርበኞችን ልብስ የለበሱ ሽማግሌዎች፥ በየትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስ የተሰለፉ ልጆች ቆመው ነበር። ጕንጕን አበባው ሲቀመጥ ታናሹ ልጃችን እንኳ ያለ ወትሮው ዝም አለ።

የዕለቱን ታሪክ አንባቢ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ለነገራችን መሠረት ስለ ሆነ ባጭሩ እናስታውሰው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዐርብ ነበረ። የፋሽስት ኢጣልያ እንደራሴ ግራዚያኒ፥ ለኢጣልያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለ ተወለደለት፥ ለዚሁ ደስታ ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ብሎ የከተማውን ነዳያን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሰበሰባቸው። ያ ግቢ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወርውረው ግራዚያኒን ባቆሰሉት ጊዜ፥ ወታደሮቹ ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ሕዝብ ላይ ተኰሱ። ከዚያም ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ በየሰፈሩ እየዞሩ ያገኙትን ሁሉ በጥይትም በዱላም በአካፋም ፈጁት፤ ጎጆውንም ቤንዚን እያርከፈከፉ ከነነዋሪው አቃጠሉት።

ሥነ ሥርዐቱ ካለቀ በኋላ የአባታቸውን ሜዳይ በደረታቸው ላይ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ወደ ልጃችን ጠጋ ብለው፥ «የኔ ልጅ፥ ከናንተስ ወገን በዚህ ቀን የወደቀ ሰው አለ?» ሲሉ ጠየቋት። እርሷም ሳታመነታ፥ «የአባቴ አያት ወንድም አርበኛ ነበሩ፤ እዚሁ ሲዋጉ ሞቱ» ብላ መለሰች። ሽማግሌው ራሷን ዳበስ አድርገው፥ «ተባረኪ፤ የጀግና ዘር ነሽ» አሏት። ልጅቱ በደስታ ቀና ብላ ተመለከተችን፤ እኛ ግን አንገታችንን ደፋን። የተናገረችው ቃል ከኛ የሰማችው ነው፤ ቃሉ ግን እውነት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአያታችን ታላቅ ወንድም በገበያ ሸክም እየተሸከመ እናቱንና እኅቱን የሚረዳ ጎልማሳ ነበረ። ጠላት ከገባ ወዲህ ሥራው ጠፍቶበት፥ ቤቱም ተቸግሮ ስለ ነበረ፥ ያን ዕለት ምጽዋት ይሰጣል ሲባል ሰምቶ ከነዳያኑ ጋራ ሄደ። እንደ ሄደም ቀረ፤ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስና አርበኞች በእልልታ ሲገቡ፥ ጎረቤት «ልጅሽ እንዴት ሞተ?» ብሎ እናቱን ጠየቃት። እርሷም «ሲዋጋ ሞተ» አለች። አያታችን ከማረፋቸው አስቀድሞ አስጠርተውን፥ «ወንድሜ ጠመንጃ ጨብጦ አያውቅም፤ ርቦት ሄዶ ነው የሞተው። እናቴ ለማኝ ነበር እንዳይባልባት አርበኛ አለችው፤ እኔም አፏን ተከትዬ ስል ኖርኩ» ብለው ነገሩን። ያችን እናት ለመውቀስ ማን ይደፍራል? ልጇን ያጣች፥ መቃብሩንም ያላየች ሴት የቀራት ነገር ስሙ ብቻ ነበረ። ወቀሳው የኛ ነው። እውነቱን ካወቅን በኋላም ዝም ብለን ለልጃችን ያንኑ አውርሰናታልና።

ዝም ያልንበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፥ ይህች ቃል ማንንም አትጐዳም እንል ነበር። ሁለተኛ፥ ልጅ ከጀግና ዘር ነኝ ብሎ ቢያድግ ይጠነክራል እንል ነበር። ሦስተኛ፥ ሟቹን ራሱን ማክበራችን ነው እንል ነበር። በዚያ ዐምድ ሥር ቆመን ሦስቱንም ብንመረምራቸው አንዱም ጸንቶ የሚቆም ሆኖ አላገኘነውም።

ማንንም አትጐዳም ማለት ስሕተት ነው። እውነተኞቹ አርበኞች አምስት ዓመት በዱር በገደል የተንከራተቱበትን ክብር ያለ ድካም መካፈል፥ ባለመብቱ ባይጠይቀን እንኳ፥ ያለ አግባብ መውሰድ ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች፥ አንድ ሰው ባላገለገለበት ዘመን ጡረታ ቢጠይቅ ማኅደሩን መልሰን እንሰጠዋለን፤ ለራሳችን ሲሆን ግን ማኅተሙን ልናሳርፍ ዳዳን።

ልጅን ያጠነክራል ማለትም እንዲሁ ነው። ልጅ በሐሰት ላይ ያቆመው ኵራት እውነቱ የታወቀ ቀን ይፈርሳል። ከዚህም የሚከፋው፥ ሳንናገር የምናስተምረው ትምህርት ነው፤ ይኸውም ድኻ ሆኖ የሞተ ሰው ሞቱ አያሳፍርም ዘንድ ሌላ ልብስ ማልበስ ያስፈልጋል የሚል ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም ይከብዳል። እውን ሟቹን አከበርነውን? ያ ሰው ያልያዘውን ጠመንጃ በእጁ ስናስይዘው፥ «እንዳለህ ሆነህ ልናለቅስልህ አይገባህም ነበር» ማለታችን እንደ ሆነ እንገነዘብ። ይህም ብቻ አይደለም፤ ሳናውቀው ለገዳዩ ጠበቃ እንሆንለታለን። ገዳይ ሁልጊዜ የሚያቀርበው ምክንያት «ዐመፀኛን ቀጣሁ» የሚል ነውና። ያን ዕለት የወደቁት ሁሉ ሲዋጉ የወደቁ ከሆነ ነገሩ ጦርነት ነበር ይባላል፤ በጦርነትም መሞትና መግደል ያለ ነው ይባላል። የየካቲት 12 ወንጀል ግን ልኩ የሚታወቀው በሟቾቹ ባዶ እጅ ነው።

«ሰማዕት» የሚለው የግዕዝ ቃል ምስክሮች ማለት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ተዋጊው አርበኛ ስለ ነጻነት ይመሰክራል፤ ምስክርነቱም ታላቅ ነው። እጁን ለምጽዋት ዘርግቶ በጥይት የወደቀው ድኻ ደግሞ ስለ ግፉ ይመሰክራል፤ ይህን ምስክርነት ከርሱ በቀር ሌላ ሊሰጠው የሚችል የለም። ቃሉን የለወጥንበት እንደ ሆነ ምስክሩን ሁለተኛ ገደልነው።

ይህ ምስክርነት ለምን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ቁጥሩን መመልከት ይበቃል። የኢትዮጵያ መንግሥት በነዚያ ሦስት ቀናት ያለቀውን ሕዝብ 30 ሺሕ ብሎ አስታውቋል፤ ኢያን ካምቤል የተባሉት ተመራማሪ በበኩላቸው 19 ሺሕ ያህል ብለው ገምተዋል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በደብረ ሊባኖስ የተገደሉትን መነኮሳትና ምእመናን ግራዚያኒ ለሮም ሲያስታውቅ ከ500 በታች አድርጓቸው ነበር፤ በኋላ ዘመን የተደረገው ምርመራ ግን ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሳቸዋል። በነዚህ ቍጥሮች መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት ከምን የመጣ ነው? የድኻ ስም በመዝገብ ስላልሰፈረ ነው። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ሲኖር የማይቈጠር፥ ሲሞትም የማይጐድል ሆኖ ይቀራል።

ፍርድ ቤትም ይህን ጉድለት አልሞላውም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. ባገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት እስራት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋራ ስለ ተባበረ ነው፤ ያውም በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈታ። ስለ ኢትዮጵያውያን ደም ግን አንድ ቀን እንኳ ለፍርድ ሳይቀርብ ሞተ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል የኢጣልያ ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። ይህን ከተቃወሙት መካከል ብዙ ኢጣልያውያን መኖራቸውን ለልጆቻችን ልንነግራቸው ይገባል፤ ቂም ሕዝብን በጅምላ ይከሳል፥ እውነት ግን ጥፋተኛውን ለይታ ታሳያለችና። ዳኛ ያልሰማው ነገር ዳኛው ሕዝብ፥ ማስረጃውም የምስክር ቃል ብቻ ይሆናል። አንድ ሐሰተኛ ምስክር ደግሞ እውነተኛውን ሙግት ሁሉ እንደሚያበላሽ በሸንጎ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ በልባችን ስናወጣና ስናወርድ ቆይተን፥ ወደ አራት ኪሎ ስንወርድ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ ብለን ለልጃችን እውነቱን ነገርናት። መዋሸታችንንም አልሸሸግናትም። ትቈጣናለች፥ ወይም ታፍራለች ብለን ፈርተን ነበር። እርሷ ግን ጥቂት ዝም ብላ፥ «ርቧቸው ነበር?» አለችን። «አዎን» አልናት። «ታዲያ የጋበዟቸው ሰዎች ናቸዋ የገደሏቸው!» አለች። ብዙ የደከምንበትን ሙግት በአንድ ቃል ጨረሰችው።

ቀጥላም፥ «ለመምህሬ ምን ልጻፍ?» ብላ ጠየቀችን። «የሆነውን ጻፊ» አልናት። ማታ ከቅበላው ራት በኋላ ደብተሯን ዘርግታ ስሙን ከነአባቱ ጠይቃን ጻፈች። ያ ስም በወረቀት ላይ ሲሰፍር ይህ በ86 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው እንደ ሆነ ያስተዋልነው ያን ጊዜ ነው። ሠርክ የሰዎችን ስም በመዝገብ የምንጽፍ እኛ፥ የገዛ ወገናችንን ስም አንድ ቀን እንኳ አልጻፍነውም ነበር። በማግሥቱ ጧት ልጅቱን ወደ ትምህርት ቤት ስናደርስ፥ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የተቀመጡትን ነዳያን ፊት ለፊት ለማየት ዐይናችን ከበደው፤ እስከዚያ ቀን ሳንቲሙን ጥለን እናልፍ ነበር እንጂ ፊታቸውን አይተነው አናውቅም።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ መልስ እንስጥ። ሙታንን ማክበርና እውነትን መናገር የሚጣሉት ክብርን ከማዕረግ ጋራ ስናምታታ ብቻ ነው። ማዕረግ ለሥራ ይሰጣል፤ ስለዚህ ላልሠራው ሊሰጥ አይገባም። ክብር ግን ለሰውነት የሚገባ ስለ ሆነ፥ ተርቦ ለሞተውም ታጥቆ ለሞተውም እኩል ነው።

መምህራን ሆይ፥ ተማሪዎቻችሁን «ማን ተዋጋ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «ማንስ ተገደለ?» ብላችሁ ጨምሩ። ተማሪዎች ሆይ፥ አያቶቻችሁ ሳያልፉ ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁም ባያኰራችሁ እንኳ እንደ ነገሯችሁ ጻፉት። እኛ በቢሮ የምንውልም፥ አንድ የተጐሳቈለ ሰው በመስኮታችን በኩል ስሙን ሲነግረን አስተካክለን እንጻፍ። ይህ ትንሽ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ለአያታችን ወንድም ያን ያህል የሠራለት ሰው አልነበረም።