ይሉኝታ በተራራ ላይ

የሰው ልጅ ተራራን የሚወጣው በእግሩ ብቻ አይደለም፤ ከኅብረተሰቡ የወረሰውን ልማድና ጠባይ ጭምር ተሸክሞ ነው። ከእነዚህም አንዱ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ቁጡውን ያስታግሣል፤ ስግብግቡን ያሳፍራል፤ በማኅበራዊ ኑሯችን ያለውን በጎ ድርሻ መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ ይኸው ጠባይ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ላይ ሲደርስ ምግባር ነው ወይስ ጥፋት? ጥያቄው የሕይወትና የሞት ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 በብሔራዊ ፓርክነት የተከለለውን፣ በ1978 ደግሞ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የስሜንን ምድር እንውሰድ። ከሳንቃበር ተነሥቶ በግጭ በኩል ጨነቅ የሚያደርሰው የእግር መንገድ ገመድ የሚያስፈልገው አይደለም። ሳንቃበር 3,250፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው፤ በመካከል ያለው የእሜት ጎጎ አፋፍ 3,926 ሜትር ይደርሳል። ጤነኛ ሰው ጓሳውንና ጅባራውን እያየ ሊጓዘው ይችላል። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ከቅለቱ ነው፤ ቀላል በተባለ መንገድ ላይ «አቃተኝ» ማለት ያሳፍራልና።

አንድ የመምህራን ቡድን በዚህ መንገድ ተጓዘ እንበል። ከመካከላቸው አንዱ ግጭ ላይ ራሱን ያመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ እህል አልወስድ ይለዋል። ነገር ግን «ጉዟቸውን ላደናቅፍባቸው ነውን?» ብሎ ያስባል። ፈገግ ብሎም «ደኅና ነኝ፤ እናንተ ቅደሙ» ይላል።

የተፈጥሮ ሕግ ግን ይሉኝታን አያውቅም። በዚያ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። ሰውነት ይህን የሚለምደው በዝግታ ስለሆነ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመከራል። ወጣትነትም ሆነ የጡንቻ ብርታት ዋስትና አይሆንም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው እስኪሻለው ድረስ ሽቅብ መውጣት የለበትም። እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን በሰው ታጅቦ ወዲያውኑ ወደ ታች መውረድ ይኖርበታል።

«ሕመሙን የደበቀ ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ ግን ስሕተት ነው። ጓደኞቹ የነገውን መንገድ የሚወስኑት የእርሱን ቃል አምነው ነው። ሲወድቅ በጨለማ፣ በገደሉ ጠርዝ ላይ ተሸክመውት የሚወርዱት እነርሱ፣ ባለ በቅሎውና የፓርኩ ጥበቃ ናቸው። ስለዚህ ዝምታው ትሕትና ሳይሆን በሌሎች ሕይወት ላይ የተወሰነ ውሳኔ ነው፤ ያውም ሳይጠየቁ።

ሆኖም ፍርዱን በታማሚው ላይ ብቻ መጣል ፍትሕ አይሆንም። ይሉኝታ አንድ ሰው ብቻውን የሚፈጥረው ነገር አይደለም። በደካማው አካሄድ የሳቀ፣ ፊቱን ሳያዞር «ሁላችሁም ደኅና ናችሁ አይደል?» እያለ ወደፊት የገሰገሰ መሪ፣ መልሱን ከጥያቄው ጋር አብሮ ሰጥቷል። ኃላፊነቱን የሚያውቅ መሪ ግን ዘገምተኛውን ከፊት አስቀድሞ የቡድኑን እርምጃ በእርሱ ይለካል፤ የመመለሻውን ሰዓት ገና ሳይነሡ ያስወስናል፤ ማታ ማታ እያንዳንዱን ለብቻው ቀርቦ ይጠይቃል፤ ከሁሉም በፊት የራሱን ድካም አይሸሽግም። ብርቱዎቹ አፋፉን ሳያዩ ቢመለሱ ቅር ይላቸው ይሆናል፤ አፋፉ ግን ለከርሞም እዚያው ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ሕዝባችን። ይህን ምሳሌ ለተናጋሪው ብቻ ሳይሆን ለአድማጩም ልንጠቅሰው ይገባል፤ በሽታውን እንዳይናገር ያደረገው ማን ነው ብለን። «ሁሉም ነገር ደኅና ነው» የሚል ሪፖርት በጭብጨባ የሚቀበል መሥሪያ ቤት፣ «አልገባኝም» ያለ ተማሪ የሚሳቅበት ክፍል፣ ከግጭ ሜዳ የራቁ ቢመስሉም የሚመሩት በዚያው ልማድ ነው። ልዩነቱ እነርሱ ዘንድ ውጤቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ መሆኑ ነው፤ በተራራው ላይ ግን ለመንጋት እንኳ ላይቆይ ይችላል።