ያልመረጠችው ጾም

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ሲባል ሰምታችኋል። አስመሳይ ሰውን ለመንካት የምንተርታት ተረት ናት። እኔም እስካለፈው ዓመት ሁዳዴ ድረስ ስለ ድመቷ አስቤ አላውቅም ነበር።

ድመታችን ውሮ በጾም ወቅት የምትበላው እኛ የበላነውን ነው፤ ሽሮ የነካው እንጀራ፣ የምስር ወጥ ትርፍራፊ። ጾሙ ሲጋመስ ከሳች፣ ፀጉሯም መርገፍ ጀመረ። አንድ ቀን የጎረቤት ጫጩት በአፏ ይዛ ገባች። እማዬ መጥረጊያ ይዛ እያባረረቻት ያቺኑ ተረት ተረተችባት።

የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኳት። የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን ታበሏታላችሁ?» የሚል ነበር። ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድመት ያለ ሥጋ መኖር አትችልም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የእኛ ሰውነት ራሱ ይሠራዋል፣ የድመት ሰውነት ግን የሚበቃትን ያህል አይሠራም፤ ከሥጋ ማግኘት አለባት። ለብዙ ወራት ካጣችው ዓይኗ ሊጠፋ፣ ልቧ ሊደክም ይችላል። በ1987 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች የብዙ ድመቶች የልብ ሕመም ከዚህ እጥረት እንደሚመጣ ካሳዩ በኋላ ነው ፋብሪካዎች በድመት ምግብ ውስጥ ታውሪን መጨመር ያበዙት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሷን ያፈርሳሉ። የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት ምን ይሆናል? «ለድመት ወተት» የምንለውም ቢሆን አብዛኞቹን ትልልቅ ድመቶች ሆዳቸውን ይረብሻቸዋል።

እና ዓመል ያልነው ነገር ዓመል አይደለም፤ ተፈጥሮዋ ነው። ጾም ጾም የሚሆነው መብላት እየቻልን፣ ወደን ስንተው ነው። ውሮ ወዳ የተወችው ነገር የለም። የእሷ ረሃብ ብቻ ነው። ጽድቁን እኛ ልንወስድ፣ ዋጋውን እሷ ከፈለች።

«ሰው የሚበላው አጥቶ ለድመት ሥጋ?» የሚለኝ አይጠፋም። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ግን ለተራበ ሰው ያለብኝ ዕዳ ውሮን በማስራብ አይከፈልም። አይጥ ትያዝልን ብለን ያመጣናት፣ በር የዘጋንባትም እኛ ነን። ከዚህ የሚከብደኝ ሌላው ነው፦ እሷ እንድትኖር ሌላ እንስሳ መሞቱ። ለዚህ ንጹሕ መልስ የለኝም። የማውቀው፣ ጥያቄው የእኔ እንጂ የእሷ አለመሆኑን ነው። የእኔን የኅሊና ጭንቀት በእሷ ሳህን ላይ ልፈታው አልችልም።

አሁን የተቀቀለ ዶሮ ወይም የበሬ ልብ ትበላለች፤ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ታውሪኑ ውኃው ውስጥ ስለሚቀር ከነመረቁ። ጉበት ትንሽ ብቻ፤ ሲበዛ ይጎዳታል። ሥጋ ብቻውን ሁሉንም ስለማያሟላ፣ ስንችል የታሸገ የድመት ምግብ እንጨምርበታለን።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ እማዬ «በጾም ቤት ሥጋ አይሸትም!» ብላ ተቆጣች። አልተከራከርኳትም። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጓሮ ስወጣ አሮጌ ድስት ጥዳ አገኘኋት።

«ምንድን ነው እማ?»

ዞር ሳትል መለሰችልኝ፦ «የውሮ ነው። የምጾመው እኔ ነኝ፤ እሷ ምን አደረገች?»