ጭቃውን ማን ያቡካው?

እኔ የምኖረው ሪያድ ውስጥ ዑድ በሚባለው ሰፈር ነው። ደቡብ ሪያድን የምታውቁ እህቶች ታውቁታላችሁ። ባለጠጎቹ ወደ ሰሜን የሄዱበት፣ እኛና መሰሎቻችን የበዛንበት የድሮ ሰፈር ነው። ልብስ ለማስጣት ጣሪያ ላይ ስወጣ የመቃብሩ አጥር ይታየኛል። የዑድ መቃብር ነው። ንጉሥ አብዱልዓዚዝ የተቀበሩት እዚያ ነው፤ ከእርሳቸው በኋላ ነግሠው ያለፉት ልጆቻቸውም እዚያው ናቸው። ግን ሐውልት የለም፣ ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ የለም። አፈርና ጠጠር ብቻ። እንደ አገሩ የሃይማኖት ትምህርት ንጉሡም ድሃውም ከአፈር በታች እኩል ነው።

ከዚህ ወደ መሀል ከተማው እልፍ ሲባል ደግሞ መስመክ የሚባለው የጭቃ ምሽግ አለ። በ1865 ገደማ የተሠራ፣ በአራቱ ማዕዘን ክብ ግንብ ያለው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። አብዱልዓዚዝ ገና ወጣት ሳሉ በ1902 ከጥቂት ሰዎች ጋር መጥተው የያዙት እርሱን ነው፤ የዛሬው መንግሥት ታሪኩን የሚቆጥረው ከዚያ ሌሊት ነው። መንግሥት አስጠግኖ በ1995 ሙዚየም አደረገው። በሩ ላይ የተሰነቀረ የጦር ጫፍ አለ፤ የዚያ ውጊያ ነው ይባላል። ጎብኚ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው።

እንግዲህ አስቡት። ንጉሡ ራሳቸው የተኙበት ቦታ ምልክት የለውም፤ የገቡበት በር ግን በዘበኛ ይጠበቃል። ልብስ ባሰጣሁ ቁጥር ይህ ነገር ይመጣብኛል። መጠበቅ ያለብን ምኑን ነው? ለአፈር መተው ያለብንስ? ውሳኔውስ የማን ነው?

አንድ ቀን የምሠራበት ቤት ልጆች መስመክን ሊያዩ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ፤ ትንሿን የምይዛት እኔ ነኝ። ሌሎቹ በሩንና ጠመንጃዎቹን ሲያዩ እኔ ግድግዳው ላይ ቀረሁ። ጠጋ ብዬ ሳየው ጭዱ ይታያል። ጭቃና ጭድ። ሳላስበው መዳፌን አሳረፍኩበት። «አትንኪ፣ ክልክል ነው!» አለችኝ ልጅቷ። እጄን አነሳሁ፤ ግን ሳቄ መጣ። እኔ እኮ ይህን ግድግዳ አውቀዋለሁ። ወሎ ውስጥ የተወለድኩበት ቤት የተሠራው በዚሁ ነው።

በዚህ አገር የድሮ ሰዎች ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተው፣ በቅርጽ እየመቱ፣ በፀሐይ አድርቀው እንደ ጡብ ይደረድሩታል። ጣሪያው እንጨትና የቴምር ዝንጣፊ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ እንጨቱ ይተከላል፣ በማገር ይታሰራል፣ ከዚያ በጭቃ ይመረጋል። አሠራሩ ይለያይ እንጂ ጠላቱ አንድ ነው፤ ዝናብ። ስለዚህ የጭቃ ቤት ተሠርቶ አለቀ አይባልም። ዝናብ ባጠበው ቁጥር ሰው መልሶ ይቀባዋል። ድንጋይን ትተሽው ብትሄጂ ይጠብቅሻል፤ ጭቃ ግን አይጠብቅም።

ሪያድ ራሷ የጭቃ ከተማ ነበረች። ዙሪያዋን የከበባት የጭቃ ቅጥር የፈረሰው በ1950 አካባቢ ነው። ነዳጁ ገንዘብ ሲያመጣ ሰፈሮቹም ተራ በተራ ለሲሚንቶና ለአስፋልት ቦታ ለቀቁ። አሁን መንግሥት የቀረውን ለማዳን ተነሥቷል። በ2014 የቅርስና የሙዚየም ሕግ አወጣ፤ በ2020 የቅርስ ኮሚሽን አቋቋመ። በ2022 ደግሞ በመሀል ሪያድ፣ ፉጣና ዘሂራ በሚባሉት ሰፈሮች፣ በመጀመሪያው ዙር 15 ታሪካዊ ሕንፃዎችን ለመጠገን ሥራ መጀመሩ ተነገረ። በከተማዋ ዳር ያለችው ድርዒያም አለች። በ1818 በኦቶማን ስም ከግብፅ የመጣ ጦር ያወደማት የጭቃ ከተማ ናት። ቱረይፍ የሚባለው ክፍሏ በ2010 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ዛሬ ማታ ማታ መብራት ተለቆበት ሰው ይጎበኘዋል።

ይህን ለአንዲት ጓደኛዬ ስነግራት ተቆጣች። «የሦስት ወር ደሞዜን አላገኘሁም፤ አንቺ ስለተቀባ ጭቃ ታወሪኛለሽ!» አለችኝ። የእርሷ ደሞዝና የግንቡ ወጪ ከአንድ ኪስ እንደማይወጣ እርሷም ታውቃለች። ጥያቄዋ ሌላ ነው። ሕያው ሰው እየተቸገረ ለሞተ ሰው ቤት ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ? ነው የምትለው። ይህ ጥያቄ በአገራችንም አለ። ውኃ ሳይገባለት፣ የጤና ጣቢያ መድኃኒት ሳይኖረው፣ «ቅርስህን ጠብቅ» የሚባል ገበሬ አለ። ጥያቄዋን በቀላሉ መመለስ አልቻልኩም። በተለይ ደግሞ እኔ ራሴ ንጹሕ ስላልሆንኩ።

ልንገራችሁ። ዓረብ አገር ከገባሁ በሁለተኛው ዓመት የእናቴን ቤት ያስፈረስኩት እኔ ነኝ። ገንዘቡን በሐዋላ ላክሁ፣ ወንድሜ አፈረሰው፣ በብሎኬትና በቆርቆሮ ሠራው። ፎቶውን ሲልክልኝ አልቅሼ ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየሁ። ለዚህ አልነበር የመጣሁት? ከእኛ መካከል ይህን ያላደረገች ስንት ናት? ያንን ቤት ቅርስ ነው ያለኝ ማንም አልነበረም፤ ቢሉኝም እስቅ ነበር። ድህነት ነበር የሚመስለኝ። ዛሬም ቢሆን ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ያደገች ልጅ ብሎኬት ብትመኝ አልወቅሳትም።

ግን ከሁለት ክረምት በኋላ የብሎኬቱ ግድግዳ ተሰነጠቀ። እናቴ ደወለች፤ «ልጄ፣ ቤቱ ተሰንጥቋል፣ ምን ይሻላል?» አለችኝ። በዕድሜዬ ሙሉ እናቴ ስለ ግድግዳ ሰው ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የድሮው ሲሰነጠቅ አፈሩን የት እንደምትቆፍር፣ ጭዱን ስንት እንደምትጨምር፣ ስንት ቀን እንደምታስቦካው ታውቅ ነበር። ከባድ ከሆነ ጎረቤት በደቦ ይመጣል። አሁን ግን ሲሚንቶው ከከተማ ነው፣ ግንበኛው በቀን ዋጋ ነው፣ ገንዘቡ ከእኔ ነው። ለካ እኔ ያፈረስኩት ግድግዳውን ብቻ አልነበረም። እናቴ በገዛ ቤቷ ላይ የነበራትን ችሎታም አብሬ አፍርሻለሁ። የቤቷ ባለሙያ የነበረችው ሴት ሐዋላ ጠባቂ ሆነች።

ለጓደኛዬ የምሰጠው መልስ ያን ጊዜ መጣልኝ፤ ሙሉ መልስ ባይሆንም። ቅርስ መጠበቅ ለሞተ ሰው ቤት ማውጣት ብቻ ከሆነ እውነቷን ነው። ግድግዳውን የሚሠራውን እጅ፣ ዕውቀቱን፣ እንጀራውን አብሮ የሚያቆይ ከሆነ ግን ገንዘቡ የወጣው ለሕያው ሰው ነው። በ2000 የወጣው የኢትዮጵያ የቅርስ አዋጅ ቅርስን ሲተረጉም የሰው ልጅ የፈጠራና የጉልበት ውጤት ነው ይላል። «ጉልበት» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ሕጉ ራሱ ያውቀዋል፤ ሪባን ሲቆረጥ ግን ጉልበቱን የሚያነሣው የለም። የንጉሡ ስም ይነገራል፣ የመሪ መሐንዲሱ ስም ይጻፋል፤ ጭቃውን የረገጠው ሰው ስሙ የለም። በዚህ አገር የግንባታ ሥራ አብዛኛው የስደተኛ እጅ እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናያለን።

ላሊበላን እንይ። በ1978 ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከዝናብና ከፀሐይ የሚከላከሉ ትላልቅ መጠለያዎች በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ቆሙ። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ይኖር የነበረው ሕዝብም ቦታው እንዲጠበቅ ተብሎ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። ዓላማው ክፉ አልነበረም። ግን በኋላ የከተማው ሰው ስለ መጠለያዎቹ ክብደት መስጋት ጀመረ፤ በ2018ም ለሰልፍ ወጣ። ኮሮናና ጦርነት ተከትለው ጎብኚ ሲቀር ደግሞ በአስጎብኚነትና በሻይ የሚኖረው ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ድንጋዩ አለ፤ አጠገቡ መኖር ግን ከበደ። እዚያ የሚጸልየው፣ የሚያጸዳው፣ የሚጠብቀው ሰው መኖር ካልቻለ መጠለያው የሚያስጠልለው ማንን ነው?

ሌላው ነገር ምርጫ ነው። መንግሥት ሁሉንም አይጠብቅም፤ ይመርጣል። መስመክን የሚጠግነው አገር መካ ላይ ኦቶማኖች የሠሩትን የአጅያድ ምሽግ በ2002 አፍርሶ በቦታው ለሐጃጆች ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ አቁሟል። የእኛም መንግሥት የአክሱምን ሐውልት ከሮም አስመልሶ በ2008 በክብር ተክሏል፤ በ2024 ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ብዙ የፒያሳ ቤቶች ፈርሰዋል። ያኔ ቅርስ ነው ያለም ነበር፣ ያረጀ ሰፈር ነው ያለም ነበር። እኔ ዳኛ አይደለሁም። የምለው አንድ ነው፦ የሚመርጠው ሰው ከሚኖርበት ሰው ጋር ካልተነጋገረ፣ የሚቀረው የመራጩ ታሪክ ብቻ ነው።

ይህን የምለው መንፉሃን እያሰብኩ ነው። ከዑድ ብዙም አይርቅም። መንፉሃ ከሪያድ ጋር ከመቀላቀሏ በፊት ራሷን የቻለች ጥንታዊ መንደር ነበረች፤ ከእስልምና በፊት ከነበሩት ታላላቅ የዓረብ ባለቅኔዎች አንዱ የሆነው አል አዕሻ የዚያች መንደር ሰው ነው። ለእኛ ግን መንፉሃ ማለት እንጀራ የሚገኝባት፣ ሐበሻ ለሐበሻ ቤት የሚያከራይባት፣ ሥራ ያጣች የምትጠለልባት ሰፈር ናት። በኅዳር 2013 የሆነውን የማያስታውስ የለም። ግርግሩን፣ የሞቱትን፣ ሻንጣ ይዞ አስፋልት ላይ የተሰለፈውን ሰው። በዚያ ሰሞንና በተከታዮቹ ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ተመልሰዋል። አንድ ቀን መንፉሃ ታሪካዊ ቦታ ተብላ ብትጠገን ባለቅኔው ይጠቀሳል፤ ደስ ይለኛል፣ ይገባዋልም። የእኛን ግን ማን ይጠቅሰዋል? መንግሥት ላይ ብቻ አልፈርድም። እኛስ መች ጻፍነው? የትኛው ቤት ስንት ሴት አስጠለለ፣ ማን ለማን አበደረች፣ የሞተችውን ማን አዋጥቶ ላከ? ይህን የምናውቀው እኛ ነን። እኛ ስንሄድ አብሮን ይሄዳል።

ወደ እናቴ ልመለስና ላብቃ። በቅርቡ ወንድሜ ገንዘብ ጠየቀኝ። ከድሮው ግቢ የቀረች አንዲት የጭቃ ማድቤት አለች፤ እርሷንም አፍርሰን በብሎኬት እንሥራት አለኝ። ገንዘቡ ነበረኝ። ሦስት ቀን አሰብኩና ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ማድቤቷ አትፍረስ። የሲሚንቶውን ገንዘብ ለደቦ ምሳና ለቡና አድርጉትና በጭቃ አስጠግኗት» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች።

«እሺ ልጄ፣ አፈሩም አለ፤ ጭዱም አለ። ጭቃውን ማን ያቡካው? የናንተ እኩያ እንደሆነ አንድ እንኳ አልቀረ፤ ሁሉም ዓረብ አገር ነው» አለችኝ።

ምን ልመልስላት? ሰው ግድግዳው የሚፈርሰው በዝናብ ይመስለዋል። የእኛን መንደር ያፈረሰው ግን ጭቃ የሚያቦካው እጅ እዚህ ሰሐን ማጠቡ ነው። መንግሥት፣ የዚህም አገር ይሁን የእኛ፣ ቅርስ እጠብቃለሁ ካለ ከሕጉና ከአጥሩ በፊት ይህን ይጠይቅ፦ ቦታውን የሚያውቀው ሰው እዚያው ሠርቶ መብላት ይችላል ወይ? ካልቻለ የሚጠበቀው ቅርፊቱ ነው።

እናቴን፣ «እንግዲያው እንዴት እንደሚቦካ ንገሪኝ» አልኳት። መጀመሪያ ሥራ የፈታሁ መሰላት። ከዚያ ነገረችኝ፤ የትኛው አፈር እንደሚይዝና የትኛው እንደሚሰነጠቅ፣ የጤፍ ጭድ ለምን እንደሚሻል፣ ሲሸት እንደበሰለ እንደሚታወቅ። ካርዴ እስኪያልቅ ጻፍኩ። ለወንድሜም የደቦውን ምሳ ብቻ ላክሁለት፤ አኩርፏል። ከጎረቤት ሁለት ሽማግሌዎችና ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች እንመጣለን ብለዋል።

ማድቤቷ እስካሁን ቆማለች። ክረምት ሊገባ ሦስት ወር ቀርቶታል።